አይጧ ከየት መጣች?

ጥያቄ፦ «የአራት ዓመት ተኩል ሴት ልጅ አለችኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመለስ ‹ቲቸር ጨለማ ክፍል ውስጥ አስገባችን› አለችኝ። ደነገጥኩ። በዚያው ማታ ጠየቅኳት፤ ከዚያ ወዲህም በየማታው እጠይቃታለሁ። ለብቻሽ ነው? በሩ ተዘጋ? አለቀስሽ? አይጥ ነበረ? መጀመሪያ ላይ ‹አይ› ትለኝ ነበር። አሁን ግን በሩ ተዘግቶባት ብቻዋን እንደነበረች፣ አይጥም እንዳየች ትናገራለች። አባቷ ‹ውሸት እየለመደች ነው› ይላል። እኔ ግን ስታወራ ፊቷን ሳየው የምትዋሽ አትመስለኝም። ሌላም የሚገርመኝ ነገር አለ። ትናንት ያስጠናኋትን ፊደል ዛሬ ትረሳለች፤ የዛሬ ዓመት የሄድንበትን ጉዞ ግን እስከ ጫማዬ ቀለም ድረስ ትነግረኛለች። ይህችን ልጅ ልመናት ወይስ አልመናት?»

መልስ፦ ልጅዎ እየዋሸች አይደለም። የምትናገረው ሁሉ ሆኗል ማለት ግን አይደለም። እርስዎና ባለቤትዎ ያልተግባባችሁት እዚህ ላይ ነው። እሱ የሚያየው ታሪኩ መለዋወጡን ነው። እርስዎ የሚያዩት ፊቷን ነው።

የሚዋሽ ሰው እውነቱን ያውቃል፤ አውቆ ሌላ ይናገራል። በዚህ ዕድሜ መዋሸት የለም አልልም። «ግድግዳውን ማን ሞነጫጨረው?» ሲባል እርሳሱን ከኋላዋ ደብቃ «እኔ አይደለሁም» የምትል ልጅ ሞልታለች። የእርስዎ ልጅ ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

እስቲ የጻፉልኝን መልሰን እናንብበው። ልጅዎ ማንም ሳይጠይቃት፣ ከራሷ አውጥታ የተናገረችው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ቲቸር ጨለማ ክፍል ውስጥ አስገባችን»። «አስገባችኝ» አላለችም። «አስገባችን» ነው ያለችው። ለእኔ ያቺ አንዲት «ን» ከሦስት ሳምንቱ ወሬ ሁሉ ትበልጣለች። በመጀመሪያው ቀን ቃሏ መሠረት ልጆቹ የገቡት ብዙ ሆነው ነው። ፊልም ሊያዩ ገብተው ይሆናል። የቀን እንቅልፍ ሊተኙ መጋረጃው ተዘግቶ ይሆናል። መብራት ጠፍቶም ይሆናል። ወይም በእርግጥ ልክ ያልሆነ ነገር ተደርጎ ይሆናል። ከዚያች ዓረፍተ ነገር ብቻ ተነስቶ መፍረድ አይቻልም።

ቀጥሎ የእርስዎን ጥያቄዎች እንይ። ለብቻሽ ነው? በሩ ተዘጋ? አይጥ ነበረ? አሁን ደግሞ የዛሬውን ታሪኳን። ብቻዬን ነበርኩ፣ በሩ ተዘጋ፣ አይጥ አየሁ። አንድ በአንድ ያመሳክሯቸው። አይጧን መጀመሪያ ክፍሉ ውስጥ ያስገቧት እርስዎ ነዎት።

ይህን የምለው ልወቅስዎ አይደለም። የደነገጠ ወላጅ እንዲህ ነው የሚጠይቀው። ሥራቸው መጠየቅ የሆነ ሰዎች እንኳ ሲሳሳቱ ኖረዋል፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ስለዚህ ነገር ከተሠሩት ጥናቶች ሁሉ ለእርስዎ ጉዳይ የሚቀርበው በ1995 የታተመው የሚሼል ላይክትማን እና የስቲቨን ሴሲ ሥራ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ሳም ስቶን የሚባል ሰው አንድ የሕፃናት ክፍል ይገባል። ሰላም ይላል፣ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይወጣል። ምንም አልነካም፣ ምንም አልሰበረም። ለአንዳንዶቹ ልጆች ግን ገና ሳይመጣ በፊት ለሳምንታት ስለ ሳም ሲወራላቸው ከርሟል፤ ዕቃ የሚሰብር፣ እጁ የማያርፍ ሰው ነው ተብለዋል። እሱ ከሄደ በኋላ ደግሞ በአሥር ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ተጠየቁ። ጥያቄው «ሳም ምን አደረገ?» የሚል አልነበረም። «ሳም መጽሐፉን የቀደደው ተናዶ ነው ወይስ በስህተት?» ዓይነት ነበር። ጥያቄው መቅደዱን አስቀድሞ ጨርሶታል፤ ለልጁ የቀረለት ምክንያቱን መምረጥ ብቻ ነው። በሕግ ቋንቋ «መሪ ጥያቄ» የሚባለው ይኸው ነው።

በመጨረሻ ሌላ ሰው መጥቶ ጠየቃቸው። አስቀድሞም የተወራላቸው፣ በኋላም በመሪ ጥያቄ የተጠየቁት የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች ውስጥ 72 በመቶው ሳም ቢያንስ አንዱን ዕቃ አበላሽቷል አሉ። «በዓይንህ አይተሃል?» ሲባሉ 44 በመቶው «አዎ» አሉ። ለስለስ ተደርጎ «አላየህም አይደል?» ሲባሉም 21 በመቶው አልተመለሱም። አንዱ ልጅማ ሳም አሻንጉሊቱን ድብ መታጠቢያ ክፍል ወስዶ በሙቅ ውኃ እንደዘፈዘፈው፣ ከዚያም በቀለም እንደቀባው ተረከ። ሙቅ ውኃውን ማንም አልነገረውም። ከራሱ ጨመረው።

ምንም ያልተወራላቸውና በቀና መንገድ የተጠየቁት ልጆችስ? ያው የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች ናቸው፤ አብዛኞቹ ያዩትን ብቻ ተናገሩ። ይህን ነጥብ ሰው ይዘለዋል። የትንሽ ልጅ ትውስታ አይረባም የሚል ሰው ካጋጠመዎት ስለ እነዚህኞቹ ልጆች ይንገሩት።

ስለ ፊቷ ያሉትም መልስ አለው። የነዚያን ልጆች ቪዲዮ ተመራማሪዎቹ ለባለሙያዎች አሳይተው ነበር፤ ልጆችን በመጠየቅ ለዓመታት የሠሩ ሰዎች ለሚገኙበት ጉባኤ። የትኛው ልጅ ያየውን እንደሚናገር፣ የትኛው ደግሞ ያላየውን እንደሚናገር አብዛኞቹ መለየት አልቻሉም። ምን ይደንቃል? ልጁ የሚደብቀው ነገር የለም። አምኖ ነው የሚናገረው። ስለዚህ «ፊቷ አይዋሽም» ያሉት ልክ ነው፤ ፊቷ የሚነግረን ማመኗን እንጂ ማየቷን አይደለም።

ግን «አይ» ብላ የጀመረች ልጅ እንዴት «አዎ» ላይ ደረሰች? ሁለት ነገር ተደራርቦ ነው።

የመጀመሪያው የትልቅ ሰው ጥያቄ ክብደት ነው። በ1980 ሁለት የብሪታንያ ተመራማሪዎች፣ ሂዩዝ እና ግሪቭ፣ የአምስትና የሰባት ዓመት ልጆችን ትርጉም የሌለው ጥያቄ ጠየቋቸው። «ወተት ከውኃ ይበልጣል?» «ቀይ ከቢጫ ይከብዳል?» ልጆቹ አልሳቁም። «ምን ማለትህ ነው?» አላሉም። ሁሉም ማለት ይቻላል መለሱ፤ ምክንያትም ጨመሩበት። ትልቅ ሰው ከጠየቀ መልስ አለው ብለው ያምናሉ። ነገሩ አዲስ አይደለም። ቤልጂየማዊው ቫረንዶንክ በ1911 ባሳተመው ጥናት ልጆችን የአንድ መምህራቸው ጺም ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ጠይቋል። አብዛኞቹ ቀለም ጠሩ። መምህሩ ጺም አልነበረውም።

ጥያቄው ሲደጋገም ደግሞ ይብሳል። አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ መልስ ሲሰጥ መምህሩ «እስቲ እንደገና አስብ» ካለው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ተሳስተሃል ማለት ነው። ልጅዎ ሰኞ «አይጥ አልነበረም» አለች። ማክሰኞ ያው ጥያቄ ተመልሶ መጣ። ረቡዕም መጣ። እናቷ ጭንቅ ብሏታል። በልጅቷ ሒሳብ የሰኞው መልስ ልክ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ያልቅ ነበር።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ የሚገርመኝ ነው። ትንሽ ልጅ አንድን ነገር ማወቋን ታውቃለች፤ ከየት እንዳወቀችው ግን ቶሎ ይጠፋባታል። ማርጆሪ ቴይለር እና ባልደረቦቿ በ1994 ባሳተሙት ጥናት ለትንንሽ ልጆች ከዚያ በፊት ሰምተውት የማያውቁትን የቀለም ስም አስተማሯቸው። ወዲያው «ይህን ስም መቼ ነው ያወቅኸው?» ብለው ጠየቁ። ብዙዎቹ የአራት ዓመት ልጆች «ድሮም አውቀዋለሁ» አሉ። አሁን፣ እዚሁ፣ ከደቂቃዎች በፊት የተማሩትን ነገር! ጉራ አይደለም። ዕውቀቱ ሲገባ ደረሰኙ አብሮ አልገባም።

አይጧም እንዲሁ ናት። የሆነ ማታ በጥያቄ መልክ ገባች። ልጅቷ በምናቧ አየቻት፤ አይጥ ሲባል ማን ሳያይ ይቀራል? ከሳምንት በኋላ ያቺ ምስል ጭንቅላቷ ውስጥ አለች። በዓይኗ አይታት ይሁን በእናቷ ቃል የሣለቻት፣ የሚለየው ምልክት ግን የለም።

ይህ የልጅ ብቻ ችግር መስሎ እንዳይታይዎት። ስመ ጥሩው የልጆች አስተሳሰብ ተመራማሪ ዣን ፒያጄ ሕፃን ሳለ በፓሪስ ሻንዜሊዜ ጎዳና ሊጠለፍ እንደነበረ ያስታውስ ነበር። ሞግዚቱ ከጠላፊው ጋር ስትታገል፣ ፊቷ ሲቧጨር፣ ፖሊሱ ሲመጣ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታየው ነበር። ዕድሜው 15 ዓመት ገደማ ሲሆን ሞግዚቷ ለቤተሰቡ ደብዳቤ ጻፈች። ታሪኩን የፈጠረችው እሷ ናት፤ ለጀግንነቷ የተሰጣትንም ሰዓት መለሰች። ፒያጄ ያስታውስ የነበረው ሲወራ የሰማውን ነው። እኔም ከደረጃ ስወድቅ፣ አያቴ ሮጣ ስታነሳኝ ጥርት ብሎ ትዝ ይለኛል። ታላቅ እህቴ የወደቀችው እሷ እንደሆነች ትምላለች። ጠባሳውም እሷ ጉልበት ላይ ነው።

ስለዚህ ለአባቷም አንድ ነገር ይንገሩልኝ። አልጋ፣ ትራስ፣ ብርድ ልብስ፣ ሕልም፣ ሌሊት፣ ማንኮራፋት ብለው ቃላት ያንብቡለትና ትንሽ ቆይተው «እንቅልፍ የሚል ቃል ነበረ?» ብለው ይጠይቁት። አዋቂ ሰው እንዲህ ባለው ፈተና ያልተባለውን ቃል «ሰምቻለሁ» ብሎ ድርቅ ማለቱ የተለመደ ነው። ብሬነርድ እና ሬይና እንዳሳዩት እዚህ ላይ ትንንሾቹ ልጆች ከአዋቂው ያነሰ ይሳሳታሉ። ቃላቱን በትርጉማቸው የማሰር ልማድ ገና ስላልጠነከረባቸው ነው። በሰው ቃል መነዳት ላይ ልጅ ይብሳል፤ በራሱ ግምት መነዳት ላይ አዋቂው ይብሳል።

በኋላ እመጣበታለሁ ያልኩት ነገር ይኸውና። በ1983 አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ ማንሃተን ቢች ከተማ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ሠራተኞች ላይ ከባድ የልጆች ጥቃት ክስ ተነሳ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ተጠየቁ። ጉዳዩ በ1990 አንድም ሰው ጥፋተኛ ሳይባል አለቀ። የተቀረጹት ቃለ ምልልሶች ሲመረመሩ የጠያቂዎቹ አካሄድ ወጣ። «ሌሎቹ ልጆች ነግረውናል፤ አንተስ?» ይባላል። የተፈለገው መልስ ሲመጣ «ጎበዝ!» ይባላል፤ ካልመጣ ፊት ይጨፈገጋል። ሴና ጋርቨን እና ባልደረቦቿ በ1998 ይህንኑ አካሄድ ጉዳት በሌለው ነገር ላይ ሞከሩት። አንድ እንግዳ ሰው ክፍሉን ጎብኝቶ ሄዷል፤ ልጆቹ እሱ ስላላደረገው ነገር ይጠየቃሉ። መሪ ጥያቄ ብቻ የቀረበላቸው ልጆች ለሐሰቱ ጥያቄ «አዎ» ያሉት 17 በመቶ ያህል ነው። ሙገሳው፣ ወቀሳውና «ሌሎቹ ብለዋል» የሚለው ሲጨመርበት 58 በመቶ ደረሰ። ጊዜው ሳምንታት አይደለም፤ ቃለ ምልልሱ አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

እዚህ ላይ ግን ልጠንቀቅ። ይህን ሁሉ አንብቦ «እንግዲህ ልጅ ያለውን አለመስማት ነው» ብሎ የሚደመድም ሰው ይኖራል። ያ ከመጀመሪያው ስህተት የከፋ ነው። በእርግጥ የተጎዱ ልጆች ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ፤ ሲናገሩም አጥረው ነው። ልጅ ሳትጠየቅ ያወጣችው ቃል ትንሽ ቢሆንም ዋጋው ትልቅ ነው። የእርስዎ ልጅ ያለችው ነገር መጣራት አለበት። የሚጣራው ግን እሷን በመጨቅጨቅ አይደለም።

እና ምን ያድርጉ? ዛሬ ማታ አይጠይቋት። ነገም አይጠይቋት። ይልቅ ወረቀት ያውጡና የመጀመሪያ ቀን ያለችውን በራሷ ቃል፣ ከነ «አስገባችን» ይጻፉት። ከሥሩ እርስዎ የጠየቋትን በሙሉ ይጻፉ፤ የሚያሳፍርዎት ቢሆንም አይቀንሱ። ቀን ይጻፉበት። ከዚያ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ይሂዱና መምህሯን ሳይከሱ ይጠይቋት፤ «በዚያ ሳምንት ልጆቹ ጨለማ ክፍል የገቡበት ጊዜ ነበር?» በቂ ነው። ለእሷም ቢሆን መሪ ጥያቄ አይስጧት።

ልጅዎ ራሷ ነገሩን ካነሳች ያዳምጡ። «እሺ፣ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ።» «ከዚያስ?» «ስለ ክፍሉ ደግሞ ንገሪኝ።» ከእነዚህ አይለፉ። እሷ ያላነሳችውን ስም፣ ዕቃ ወይም ስሜት አያስገቡ። «አላውቅም» ማለት እንደሚቻል፣ እርስዎ ሲሳሳቱም «ተሳስተሻል» ልትልዎ እንደምትችል ይንገሯት። ማይክል ላም እና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የሕፃናት ጤናና የሰው ልጅ ዕድገት ተቋም ያዘጋጁት የአጠያየቅ መመሪያ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ጠያቂው መጀመሪያ ልጁን በሌላ ቀላል ወሬ ያለማምደዋል፤ ከዚያ ክፍት ጥያቄ ያስቀድማል፤ ዝርዝሩን ልጁ ራሱ ካነሳው ነገር ላይ ተነስቶ ብቻ ይጠይቃል።

የሰውነት ጉዳት ካዩ፣ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ላለመሄድ በጽኑ ከፈራች፣ እንቅልፏና ጠባይዋ በድንገት ከተለወጠ፣ ወይም ሰው እንደነካካት ከተናገረች ግን አንድም ተጨማሪ ጥያቄ ሳይጠይቁ በዚህ ሥራ የሠለጠነ ባለሙያ ጋ ይውሰዷት። መጀመሪያ የሚጠይቃት እሱ ቢሆን ይመረጣል። የጻፉትን ወረቀትም ይዘው ይሂዱ።

አሁን ወደ ፊደሉ። ጉዞውን እያስታወሰች ፊደሉን የምትረሳው ሰነፍ ስለሆነች አይደለም። ጉዞው ታሪክ ነው፤ መነሻ አለው፣ ሰው አለው፣ ደስታ አለው። ፊደል ለእሷ ገና ታሪክ የሌለው መስመር ነው። አዋቂም ቢሆን በማያውቀው ነገር ላይ እንዲሁ ነው። ሚሼሊን ቺ በ1978 ባሳተመችው ጥናት አሥር ዓመት ገደማ የሆናቸውን ጎበዝ የቼዝ ተጫዋች ልጆች ቼዝ እምብዛም ከማይችሉ አዋቂዎች ጋር አወዳደረች። የቼዝ ሰሌዳውን አሰላለፍ በማስታወስ ልጆቹ አዋቂዎቹን በለጧቸው። ተራ ቁጥሮችን በማስታወስ ደግሞ አዋቂዎቹ በለጡ። ለማስታወስ ዕድሜ ብቻውን አይበቃም፤ የምታስታውሰው ነገር የሚንጠለጠልበት ማገር ይፈልጋል።

ሌላው ምክንያት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ስለ ጉዞው ስንት ጊዜ አውርታችኋል? ፎቶው ስንት ጊዜ ታይቷል? ፊደሉን ግን «አስጠናኋት» ሲሉ የገመትኩት እርስዎ እያሳዩ፣ እሷ ተከትላ እየደገመች ነው። ሮዲገር እና ካርፒኪ በ2006 ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነበቡ። ገሚሱ መልሶ አነበበው፤ ገሚሱ መጽሐፉን ዘግቶ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልሰው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ዘግተው የጻፉት 56 በመቶ ያህል ሲያስታውሱ ሌሎቹ 42 በመቶ ላይ ቀሩ። እነዚህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ነገሩ ግን በትንንሽ ልጆችም ላይ ይሠራል። ሸምድዶ ከማንበብ ይልቅ ከጭንቅላት ፈልጎ ማውጣት ትውስታን ያጸናል። በተለያየ ቀን እየተከፋፈለ ቢሆን ደግሞ የበለጠ።

እንግዲህ ነገሩ አይገርምም? ከጭንቅላቷ እንድታወጣ መጠየቅ፣ በየቀኑ፣ አጠር አጠር እያደረጉ፣ ለሦስት ሳምንት። ከዚህ የተሻለ የማስጠኛ ዘዴ የለም። እርስዎ ግን ለፊደሉ ሳይሆን ለአይጧ ተጠቀሙበት። ሳያውቁት አይጧን አስጠኗት፤ እሷም ጎበዝ ተማሪ ስለሆነች ያዘችው።

ስለዚህ ቦታ ይቀያየሩ። ማታ ማታ የሚጠየቀው ፊደሉ ይሁን። ሁለት ሦስት ፊደል ብቻ፤ ስሟን ሳይነግሯት ፊደሏን አሳይተው «ይቺ ማን ነበረች?» ይበሏት። ካልመጣላት ወዲያው ይንገሯትና ከአፍታ በኋላ መልሰው ይጠይቋት። ፊደል ላይ ልክና ስህተቱን ስለሚያውቁ ቢያርሟት ጉዳት የለውም። ጨለማው ክፍል ግን እርስዎ ያልነበሩበት ቦታ ነው፤ እዚያ የሚያርሙት ነገር የለዎትም።

የጫማዎን ቀለም ነገር ደግሞ ሳልጠይቅዎ አላልፍም። ልክ መሆኗን በምን አረጋገጡ? የጉዞው ፎቶ ካለ ያውጡት። ከማየትዎ በፊት ግን እርስዎም የሚያስታውሱትን ቀለም ወረቀት ላይ ይጻፉ።